ከጓዳዬ የወጡ ዘጠኝ ጭራዎች

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን አልነገርኋቸውም። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርሁትን ጾም ሁሉ እናዘዛለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን እዘለዋለሁ። ባሌ ጥላሁን ባለፈው ጥቅምት አረፈ። ከዚያ ወዲህ እጄ ዝግ ብሏል፤ በቀን ግማሽ ገጽ ከጻፍሁ ብዙ ነው። እናንተ የምታነቡ፣ ስሙኝ እንጂ አታጽናኑኝ።

የደሴቷን አይጦች ጭራ ጥዬ የቤቴን አይጦች ጭራ በቦታው የከተትሁ እኔ ነኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ የምንኖረው ስማዳ፣ ወገዳ ነበር። ጥላሁን የባዮሎጂ መምህር ነበር። በጣና ሐይቅ ካሉት ደሴቶች በአንዲቱ አይጥ በዝቶ የገዳሙን እህልና የብራና መጻሕፍት ይፈጅ ነበርና፣ አንድ ተመራማሪ አይጡ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ረዳት ሲፈልግ ጥላሁን ተቀጠረ። ሥራው አይጥ አጥምዶ የጭራውን ጫፍ መቁረጥ፣ በአልኮል በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ መክተትና የተያዘበትን ቦታ መጻፍ ነው። ከደሴቷም፣ ከጋይንትም፣ ከእስቴም፣ ከእኛው ከስማዳም፣ ከገዛ ቤታችን ጭምር። ጎረቤቱ ሁሉ «መምህር፣ ዘንድሮ የሚያርሙት ጭራ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅበት ነበር።

ለእኔ ግን ቁጭ ብሎ አስረድቶኛል፤ ስለዚህ አላወቅሁም ማለት አልችልም። አይጥ ያን ሁሉ ውኃ ዋኝቶ አይሻገርም፤ የሚያሻግረው ሰው ነው፣ ከጭነት ጋር። የደሴቷ አይጦች እርስ በርስ ብቻ የተዋለዱ ከሆኑ ድሮ የገቡ ናቸው፤ አንዴ ጠራርጎ ማጥፋት ይቻላል፣ ሐይቁ አጥር ይሆናል። ከየብሱ አይጥ ጋር የቅርብ ዘመድ ከሆኑ ግን ዛሬም በእህል ውስጥ ተደብቀው እየገቡ ነው፤ የገደሉትን ያህል ይተካል። ዝምድናውን የሚናገረው በጭራው ሥጋ ውስጥ ያለው ዘር ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ደሴቷ ሴት አይገባባትም። ጥላሁን ብቻውን ሄዶ፣ ስንት ደጅ ጠንቶ፣ ሦስት ቀን ከመነኮሳቱ ጋር አድሮ ዘጠኝ ጭራ ይዞ ተመለሰ። «ዳግመኛ የሚያስገቡኝ አይመስለኝም» አለኝ። ብልቃጦቹን ለእኔ አደራ ሰጥቶ ወደ እስቴ ወረደ። ክዳናቸው ደህና አይገጥምም ነበርና አልኮሉ ሲጎድል እንድሞላ አንድ ጠርሙስ ተወልኝ።

ጠርሙሱን ጓዳ ስጠርግ በክርኔ መትቼ ሰበርሁት። ወገዳ አልኮል ጠፋ። ምን አደረግሁ? ጎረቤቴ የምታወጣውን ዳግም አረቄ ገዝቼ ብልቃጦቹን በእሱ ሞላሁ። ውኃ ይመስላል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ያው ነው አልሁ። ያው አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ስከፍት ሽታው ወደ ኋላ ገፋኝ። ቆዳው ላልቶ ተልጧል። ዘጠኙም እንዲሁ።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ስሕተት ብዬ አልጠራውም።

ጥላሁን ትቶት የሄደውን ወጥመድ ከጎታው ሥር አጠመድሁ። በአምስት ቀን ዘጠኝ አይጥ ያዝሁ። እሱ ሲያደርግ እንዳየሁት ቆረጥሁ። አልኮል ከንፋስ መውጫ በሚመጣ ሰው አስገዛሁ። ብልቃጦቹን አጥቤ፣ ደሴቷ የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ሳልነካ፣ የእኔን ጓዳ አይጦች ከተትሁባቸው። የደሴቷን ሽንት ቤት ጣልሁ። ጥላሁን ሲመለስ «ጎበዝ፣ አንዱም አልጎደለም» አለኝ። ለምን ዝም አልሁ? ባሌ ቁጡ ሰው አልነበረም። ጮሆብኝ አያውቅም። የፈራሁት ፊቱ ሲጠወልግ ማየትን ነው፤ በዚያ ሥራ ለሁለተኛ ዲግሪ የመግባት ተስፋ ነበረው። ይህን የምጽፈው ምክንያቴን እንድታውቁ እንጂ እንድትምሩኝ አይደለም።

በዓመቱ ውጤቱ መጣ። የደሴቷ አይጦች ከስማዳ አይጦች ጋር እንደ አንድ ቤት ልጆች ሆነው ተገኙ። ታዲያ ምን ይሁኑ? የአንድ ቤት ልጆች ናቸው! ተመራማሪው ደስ አለው፤ የአይጡ መንገድ የስማዳ እህል ነው ተባለ። ጥላሁን ወረቀቱን ይዞ ብዙ ቆየ። «እንዲህ ይቀራረባል ብዬ አልጠበቅሁም» አለ። እኔ ሽሮ እያማሰልሁ ነበር። ቀና አላልሁም።

አሁን አያ ዘውዱን ልንገራችሁ። የእኛ ሰበካ ሰው ከውቂያ በኋላ ለደሴቷ ገዳም የስለት እህል ያዋጣል። አድራሹ አያ ዘውዱ ናቸው። አባታቸው በአጋሰስ ያደርሱት ነበር፣ እሳቸው በመኪና፤ ከዚያ በታንኳ። በዚያ ዓመት ከገዳሙ ደብዳቤ መጣላቸው። ፊደል አልቆጠሩምና ወደ እኔ ይዘውት መጡ።

አነበብሁላቸው። ጥናቱ አይጡ ከስማዳ በሚመጣው ጆንያ እንደሚገባ ስላሳየ፣ ከእንግዲህ የስማዳን እህል አንቀበልም፣ እግዚአብሔር ስለቱን እንደደረሰ ይቁጠርላችሁ ይላል።

«ድገሚው እስቲ» አሉኝ።

ደገምሁት። በገዛ ድምፄ፣ ሁለት ጊዜ።

«እኔ እኮ ጆንያውን ገልብጬ፣ አራግፌ፣ ራሴ ሰፍቼ ነው የምጭነው። አይጥ የት ገብታ?» አሉ። ከዚያ በዝግታ፦ «የተማረ ካለው ግን ምን እላለሁ።»

ያን ጊዜ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። አልተናገርሁም። «ይግቡ፣ እህል ይቅመሱ» አልኋቸው።

ገበያው ስም አወጣላቸው፤ «አይጥ አሻጋሪው»። በጠላ ቤት «አያ ዘውዱ፣ ዘንድሮስ ስንት ነፍስ አሻገሩ?» ይሏቸው ነበር። መጀመሪያ አብረው ይስቁ ነበር። ኋላ ገበያ መውጣት ተዉ። ደሴቷም ላይ ወጥመድ የሚያጠምድ ጠፋ፤ ጥፋቱ ጆንያው ነው ተብሎ ነበርና።

እዚህ ድረስ ጽፌ አንድ ወር አቆምሁ። ስጀምር ለማንም አልነገርሁም ያልሁት እውነት ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን አሁን ከምኖርበት ከንፋስ መውጫ ተነሥቼ ወገዳ ሄድሁ። አያ ዘውዱን ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል። ስለ ጥላሁን አለቀሱልኝ፤ «ደግ ሰው ነበር» አሉ። እንደዚህ እንዲሉት ነበር አሥራ አንድ ዓመት የደበቅሁት። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ አረቄውን፣ ወጥመዱን፣ ሽንት ቤቱን።

በበትራቸው ጫፍ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። ኋላ ፊታቸው ፈካ።

«እንግዲያ ከኔ ጆንያ አልወጣማ!»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። አዎ ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር!

«አላውቅም፣ አያ።»

«እንዴት አታውቂም? አሁን አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«የነገርሁዎት፣ ጭራዎቹ የደሴቷ አለመሆናቸውን ነው። የደሴቷ አይጥ ከእኛ እህል ይምጣ፣ ከሌላ ይምጣ፣ ድሮ ይግባ፣ የሚናገሩት የጣልኋቸው ነበሩ።»

ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። «አንቺ ሴት» አሉ፣ «ጥፋተኛም ንጹሕም አይደለሁማ?» ከዚያ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ለገዳሙ ጻፊ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ እንዳትዋሺ። እንዳልሽኝ አድርገሽ ጻፊ።» ይቅር በሉኝ ልላቸው አፌን ስከፍት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ገቡ።

ለገዳሙ ጻፍሁ፤ ለተመራማሪውም። የጥላሁን ስም ከእኔ ጋር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ አያውቅም ነበር ብዬ ጽፌአለሁ፣ ማን እንደሚያምነኝ እንጃ። ለነፍስ አባቴ በሚመጣው እሑድ እናገራለሁ። ቀኖና ይሰጡኝ ይሆናል፤ ስግደቱን እሰግዳለሁ። አያ ዘውዱ ግን ቢሞቱም ጆንያቸው ንጹሕ ነበር የሚልላቸው ሰው የለም። አልነበረም የሚልም የለም። እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ።