ሚስቴ ያላጎረሰችኝ ወራት

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባርካችሁ። ዛሬ ልመሰክር ነው የቆምኩት። ቆምኩ ስላችሁ ከዘራዬን ተደግፌ ነው፤ መቆሜን ግን እዩልኝ። ሃሌ ሉያ! ሽማግሌዎቹ «ወንበር እናምጣልህ?» ብለውኝ ነበር። አይሆንም አልኩ። የተቀመጥኩት ይበቃኛል።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለእንግዶች ልናገር፤ ታደለ እባላለሁ፣ የአይሱዙ ሹፌር ነበርኩ። የሸዋ ሮቢትን ሽንኩርት ጭኖ ጣርማ በርን የሚወጣ፣ ክላክሱ ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ ሰው ካስቸገራችሁ እኔ ነበርኩ። ይቅር በሉኝ። ሹፌር ስለሆንኩ ደግሞ አታጣድፉኝ፤ በየማርሹ ነው የምነግራችሁ።

ያኔ ጌታን አላውቅም። ጌታን የምታውቀው ባለቤቴ አስካለ ነበረች፤ ያቻት ሁለተኛው ረድፍ ላይ። እኔ የማውቀው ጫትና አረቄ ነው፤ ከዚያ የተረፈኝን ጊዜ ደግሞ እቆጣለሁ። እሁድ እሁድ ወደዚህ ስትመጣ ያንገበግበኝ ነበር። መጽሐፍ ቅዱሷን ሰርቄ ጋቢና ውስጥ ከወንበሬ ሥር እደብቀዋለሁ። ስንት ጊዜ ከእኔ ጋር የጣርማ በርን ዋሻ እንዳለፈ ጌታ ይቁጠረው። ትስቃላችሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። አንድ እሁድማ የውጪውን በር ቆለፍኩባትና ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ካራቆሬ ታላቅ እህቴ ጋ ዋልኩ። ማታ ስመለስ እራቴን ሠርታ ጠበቀችኝ። አንዲት ቃል አልወጣትም። ያ ዝምታዋ ኋላ ጉድ ሠራኝ፤ እመጣበታለሁ።

ደም ግፊት እንዳለብኝ ቀድሞ ተነግሮኝ ነበር። ኪኒን ሰጡኝ። አንድ ሳምንት ዋጥኩ። ምንም አላመመኝም። ካላመመኝ ምን ያስውጠኛል ብዬ ተውኩት። እዚህ ውስጥ እንደኔ ያደረጋችሁ አላችሁ፤ ከፊታችሁ ያስታውቃል።

አንድ ቀን ሽንኩርት እያስጫንኩ ነው። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ጫኙ አንዱን ጆንያ ቀደደብኝ። ልሰድበው አፌን ከፈትኩ። ስድቡ አልወጣ አለ! እኔ ታደለ ስድብ አጣሁ! ምላሴ ተጎተተ፣ ቀኝ እጄ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ሽንኩርቱ ላይ ወደቅኩ። የቀደደው ልጅ ራሱ ነው ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ ያስገባኝ። ጌታ ይባርከው።

ሐኪሙ አስካለን ጠርቶ «ስትሮክ ነው። በግፊቱ የተነሳ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል» አላት።

«ይተርፋል?»

«የሚተርፍ ይመስለኛል። ቀኝ ጎኑ ይመለስ አይመለስ ግን መናገር አልችልም። የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዳትዘናጉ።»

ተረፍኩ። ስሙ ይባረክ! ቤት ገባሁ። እኛ ጋ ሰው ሲታመም እንዴት እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል፤ የመጣው ሁሉ ያጎርሳል። አስካለ ታጎርሰኛለች፣ ታጥበኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ ታገላብጠኛለች። ያቺ የካራቆሬዋ እህቴ እትዬ የሻረግ በሚኒባስ ትመጣና ትራሴን እያመቻቸች «አትንቀሳቀስ ወንድሜ፣ እንዳይደክምህ» ትለኛለች። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ተመቸኝ። እንደ ሕፃን አፍ መክፈት ለመድኩ። ቀኝ እጄ ደረቴ ላይ ተጣጥፎ ቀረ። በፍቅር ነው እንዲህ ያደረጉኝ፤ ክፋት የለበትም። እጄ ግን በዚያ ፍቅር ውስጥ እየደረቀ ነበር።

ለክትትል ስንመለስ ሆስፒታሉ ወደ ተሃድሶ ክፍል ላከን። እዚያ ሲስተር ሐዋን አገኘን። ነርስ ናት፤ የኛው የይፋት ገበሬ ልጅ። ሙስሊም ናት። አትንሾካሾኩ፤ ጌታ በወደደው ይሠራል። ገና ከመቀመጤ አስካለ የውሃ ጠርሙስ ከፍታ ወደ አፌ አመጣችልኝ። ሲስተር አየቻትና፦

«ቆይ፣ እትዬ አስካለ። የጠማው ማንን ነው?»

«እሱን ነዋ!»

«ታዲያ እሳቸው ያንሱት።»

«እጁ እኮ አይሠራም፣ ልጄ!»

«ማን ጠየቀው?» አለች።

እውነቷን ነው። እጄን ማንም ምንም ጠይቆት አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወረቀት አወጣችና ሦስት መስመር አሰመረች። «ትምህርት ቤት ያስተማሩን እንዲህ ነው» አለችን። «ጤናውን የሚጠብቀው ሰውየው ራሱ ነው። ነርስ የምትገባው እሱ ያቃተውን ልትሞላ ነው፤ ከዚያ አታልፍም። ጋሼ ታደለ ራሳቸውን ስተው የተኙ ጊዜ ሁሉንም እኛ ሠራንላቸው፤ ትክክል ነው። ከዚያ ግማሹን እኛ፣ ግማሹን እሳቸው። መጨረሻ ላይ እሳቸው ይሠራሉ፣ እኛ እያስተማርን እናበረታታለን። እናንተ ቤት ግን ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው ያላችሁት። የሚችሉትን ከሠራችሁላቸው የሚችሉትም ይጠፋል።»

ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ ታደለ፣ በዚህ እጅ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?»

ከታመምኩ ጀምሮ ምን ትፈልጋለህ ያለኝ ሰው አልነበረም። የሚባለው «ምን እናድርግለት» ነው። በተኮላተፈ ምላሴ «መሪ» አልኳት።

«መሪ መጨበጥ። ይጻፍ። እሱ ሩቅ ነው። ቅርቡስ? በራስዎ እጅ መብላት?»

«እሺ።»

«ምን ያግድዎታል?»

«እፍረት» አልኳት። እሱንም ጻፈችው! «ካወቅነው መላ እንፈልግለታለን» አለች። ማንኪያ አመጣችና እጀታው ላይ የጎማ ላስቲክ ጠምጥማ አወፈረችልኝ፤ ለመጨበጥ እንዲመች። የምጨምቀው ስፖንጅም ሰጠችኝ። ከዚያ ፍርዱ መጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ ጉርሻ የለም። ምግብ ሲቀርብ ግራው እጅ ኪስ ይገባል፣ ቀኙ ይሞክራል። ሲደክማቸው ያርፉ፣ ደግሞ ይሞክሩ። እትዬ አስካለ፣ እርስዎ አጠገባቸው ይቀመጡ። እጅዎን ግን እንዳይልኩ። ከላኩ እጃቸው አይመለስም።»

ቅዱሳን፣ ጦርነቱ እዚህ ጋ ተጀመረ። አንዷን ማንኪያ ወደ አፌ ለማድረስ ያልበኝ ነበር። ሽሮው ሸሚዜ ላይ፣ ሩዙ ጭኔ ላይ፣ አፌ ባዶ። አስካለ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ጎረቤት ይገባና «ውይ ውይ! ለታመመ ሰው ጉርሻ ትነፍጊያለሽ?» ይላታል። እትዬ የሻረግማ መጥታ ይህን ስታይ ነጠላዋን አውልቃ ወረወረችው። «ወንድሜን በረሃብ ልትጨርሺው ነው? እናታችን ከመቃብር ብታይሽ!» አስካለ መልስ አልሰጠችም።

እኔስ ምን አሰብኩ? በሩን የቆለፍኩባት እሁድ ትዝ አለኝ። ያቺ ዝምታዋ። ይኸው ዛሬ ተራዋ ደረሰ አልኩ። ዝም ብላ የያዘችልኝን ቂም በማንኪያ እየከፈለችኝ ነው አልኩ። የሲስተሯ ወረቀት ሰበብ ሆናት ብዬ አመንኩ። ፈራኋት፤ እውነቴን ነው። ሰው ሚስቱን ሲፈራ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ይጮኻል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳህኑን በግራ እጄ አንስቼ ግድግዳው ላይ ከሰከስኩት። ስብርባሪውን ለቀመች፣ ወለሉን ወለወለችና ወደ ጓሮ ወጣች።

ምላሴ በዚያ ሰሞን ትንሽ ተፍታቶልኝ ነበርና ሄጄ ልሰድባት ተነሳሁ። አስተውላችሁልኛል? ከወደቅኩ ጀምሮ ያለሰው ድጋፍ ስነሳ የመጀመሪያዬ ነው! ግድግዳውን ይዤ፣ ቀኝ እግሬን እየጎተትኩ፣ ስድቤን እያዘጋጀሁ ጓሮ በር ደረስኩ። አስካለ ከከሰል ጆንያዎቹ አጠገብ ተንበርክካለች። ሁለቱን እጆቿን ብብቷ ውስጥ ወሽቃለች። እንዲህ ትል ነበር፦

«ጌታዬ፣ እጄን ያዝልኝ። እንዳላጎርሰው እጄን ያዝልኝ። እየራበው ማየት አልቻልኩም፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው። ጠላችኝ ብሎኛል። ይበለኝ። ብቻ እጁ ይመለስለት። እኔን ያዘኝ፣ እሱን አንሳው።»

ስድቤ እንደገና ጠፋኝ። ይሄኛው ግን ስትሮክ አይደለም። የቆለፍኩባት፣ መጽሐፏን የሰረቅኳት፣ ሳህን የሰበርኩባት ሴት ለእኔ ስትል ከገዛ እጇ ጋር ትታገላለች። አለቀስኩ፤ አላፍርም።

«አስኩ» አልኳት።

ዘወር ብላ ጮኸች። «ታደለ! ማን አመጣህ?»

«ስድብ» አልኳት።

እየሳቀች እያለቀሰች መጥታ ልትደግፈኝ ስትል እጄን አነሳሁ፤ ቆዪኝ አልኳት። «ይሄ የምትለምኚው ጌታ፣ ለእኔም የሚሆን ከሆነ፣ እኔንም ያስገባኝ። አጥፍቻለሁ» አልኩ። እዚያው ከሰሉ አጠገብ ጸለየችልኝ፤ እኔም ቃል በቃል ተከተልኳት። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም። ቀኝ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍርሃቴ ግን ለቀቀኝ። ክብር ለኢየሱስ ይሁን! የዚያን ቀን እራት ግራ እጄን ራሴ ኪሴ ከተትኩት።

በቀጠሮዬ ቀን ለሲስተር ሐዋ «ጌታን ተቀበልኩ» ብዬ ነገርኳት። «ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለች። «ኪኒኑንስ ዛሬ ውጠዋል?» ሳልውጥ ነው የሄድኩት! እዚያው ውሃ አስመጥታ አስዋጠችኝ፤ ጠርሙሱን ያነሳሁት ግን እኔ ነኝ።

«በወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ይጨመርልኝ» አልኳት።

«መሪውን እንሰርዘው?»

«መሪው ይቆይ። ከእሱ በፊት ይጻፍልኝ፦ አስካለን ማጉረስ። ከሠርጋችን ቀን ወዲህ አጉርሻት አላውቅም።» ይህን ስል አስካለ ከመድኃኒት ቤቱ ኪኒን ልታመጣ ወጥታ ነበር፤ አልሰማችም። ሲስተር እስክሪብቶዋን አነሳች። ከዚያ ጻፈችው። «ኢንሻአላህ» አለች።

ተአምር በአንድ ቀን የምትጠብቁ ካላችሁ የእኔ ወራት ፈጅቷል። ስፖንጁን ስጨምቅ የሚቆጥርልኝ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ሲስተር ማንን መረጠች? እትዬ የሻረግን! «እርስዎ ጎበዝ ነዎት፣ ወንድምዎ እንዳያጭበረብሩ ይቆጣጠሩልኝ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ እህቴ ዘበኛዬ ሆነች፤ አንዷን ብዘል «ድገም!» ትላለች። እግረ መንገዷን ስትለካ የእሷም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ አሁን አብረን ነው የምንውጠው። ጫትና አረቄ ተውኩ፣ ጨው ቀነስኩ። ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋቱ እስከ ድልድዩ እሄዳለሁ። ሐኪሙ በቀደም እጄን አገላብጦ አየና «እንዲህ ይመለሳል ብዬ አልጠበቅኩም» አለ። ሃሌ ሉያ!

አንድ ወንድም ደግሞ «ከተፈወስክ ከዘራውን ጣለው፣ ኪኒኑንም ተው» ብሎኛል። ወንድሜ፣ እወድሃለሁ፤ አልጥልም። ከዘራውንም ኪኒኑንም የሰጠኝ ያው ጌታ ነው። በእምነት ስም ኪኒናችሁን እንዳታቆሙ። እኔ ያለእምነትም አቁሜው አይቻለሁ፤ ሽንኩርት ላይ ነው የጣለኝ። ሲስተር ሐዋ ለምኛት መጥታለች፤ ከበሩ ውጪ ዛፉ ጥላ ሥር የግፊት መለኪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። ስንወጣ ሁላችሁም እጃችሁን ስጧት።

ጌታን ገና ያላገኛችሁ ደግሞ፣ ቤታችሁ ውስጥ ዝም ብሎ የሚጸልይላችሁ ሰው ይኖራል። ዝምታውን ቂም ነው አትበሉ። እንደኔ ልትሳደቡ ብትሄዱም ችግር የለም፤ ጌታ ከዚያም ይቀበላል። እመኑት። እኔን የቻለ ለማንም አያንስም።

ልጨርስ ነው። እዚህ ኪሴ ውስጥ ዳቦ አለ። ቤት ብቻዬን ስለማመድ ሰነበትኩ፤ ግማሹ ይወድቅብኛል። ለሰው ሞክሬ ግን አላውቅም።

አስኩ፣ ነይ እስኪ ወደዚህ። ነይ፣ ምን ያሳፍርሻል? ወንድሜ፣ ከዘራዬን ያዝልኝ። አይ፣ አትደግፊኝ። እጅሽን ወደ ኋላ አድርጊ። ያን ጊዜ ጌታ እንደያዘልሽ ዛሬም ይያዝልሽ። ቅዱሳን፣ ጸልዩልኝ፤ ይንቀጠቀጣል።

አፍሽን ክፈቺ።

ገባ! ጌታ ሆይ፣ ተመስገን፣ ገባ!

ተይ፣ አታልቅሺ አስኩ። መጀመሪያ አኝኪ።