በ«አሚን» የተመረጡት እናት

በጣሊያን ጊዜ አንድ ተራ ቀን እትዬ ዘምዘምን የሚያስከፍላቸው ይህን ነበር፦ ከሮቢ ወንዝ ሁለት እንስራ ውሃ፣ አንዱ ለቤታቸው፣ አንዱ ለወታደሮቹ ካምፕ፤ እጅ እስኪላጥ የማሽላ ፍጭት፤ በዚያ ፀሐይ አንድ ሸክም እንጨት። የወላጆች ተጠሪ ሆነው ከተመረጡ በኋላ ደግሞ በየማለዳው አንድ ውሸት ተጨመረ። ከሁሉ የከበዳቸው እሱ ነበር።

ምርጫው እንዲህ ሆነ። ጣሊያን ሸዋ ሮቢት አጠገብ የዐረብኛ ትምህርት ቤት ከፈተና ወላጆች ከመካከላቸው አንድ ተጠሪ እንዲመርጡ አዘዘ። ለስሙ ከጣሊያኑ ሹም ጋር ስለ ትምህርቱ ሊመካከር ነው። ሰው ግን ገብቶታል። ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ ማለት አባቱ ጫካ ገብቷል ማለት ነው፤ ተጠሪው የሚፈለገው የቀረውን ልጅ እንዲናገር ነው።

ሾላው ስር ተሰበሰቡ። አስተርጓሚው ተፈራ «ማንን መረጣችሁ?» ቢል ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል።

«አብዱልሃዲ ይሁን፤ ድምፁ ትልቅ ነው» አለ አንዱ።

«ድምፄ የጎላው ሚስቴ አልሰማ ብላኝ ነው! ይልቅ እሷን ምረጧት» አለ አብዱልሃዲ። ተሳቀ። ሹሙ ግን አልሳቀም።

ሼህ አሊዪ ሰዉ እንዲረጋጋ ብለው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ለዝናቡ፣ ለታመመው ለመኑ። እትዬ ዘምዘም ባላቸው በቅርቡ ሞቶባቸው ከፊት ቆመው ነበርና፣ «ዘምዘምንም አላህ ያበርታት፣ ለልጆቻችን ያቆይልን» አሉ ሼሁ።

«አሚን!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ተፈራ ወደ ጣሊያኑ ዞሮ፣ «ዘምዘምን መርጠዋል» አለው።

«ኧረ ጌታዬ፣ ዱዓ እኮ ነው!» አሉ እትዬ ዘምዘም።

«ሁሉም አሚን ብሏል። ከዚህ ወዲያ ምን ምርጫ አለ?»

ዞር ብለው ጎረቤቶቻቸውን አዩ። ስህተት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ማንም ግን ትንፍሽ አላለም፤ ዕዳው ከየራሱ ወርዶለታላ!

ሹሙ በተፈራ አፍ አስጠነቀቃቸው፦ «ከዋሸሽ ልጅሽ ለመንገድ ሥራ ይሄዳል።» ልጃቸው ሙሄ አንድያ ነበር፤ ገና ጺም ያላበቀለ።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታቸው ሸሪፍ ጫካ ገባ፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ቀሩ። «ወባ ይዟቸው ነው» አሉ እትዬ ዘምዘም። ቆላ ነውና ታመኑ። በማግስቱም ወባ፣ በሰልስቱም ወባ። የሸሪፍ ሚስት ሰይዳ ልጆቿን አዝላና እየጎተተች ከጣሊያኖቹ እጅ እስክትርቅ ድረስ በየማለዳው ወባ። በመጨረሻ ሹሙ ለበሽተኞቹ ብሎ የወባ ኪኒን የያዘ ወታደር ላከ። ወታደሩ ያገኘው ባዶ ቤት ነው።

ያን ዕለት ሙሄን ወደ ጣርማ በር በሚሄድ ካሚዮን ላይ ጫኑት። «እማ፣ ጋቢዬን በሰው ላኪልኝ!» እያለ ሄደ። ጋቢው ተላከ፤ ደረሰ ያለ ግን የለም። ሙሄም አልተመለሰም። የሸሪፍ ልጆች ሁሉም ተርፈው ዛሬ የልጆች ወላጆች ናቸው።

ታሪካቸውን ልጽፍ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «አታሞግሽኝ። ለሚያነበው ሰው ይህን ብቻ ንገሪልኝ። ጣርማ በር መንገድ የሠራ ሰው በቤትህ ካለ ጠይቅልኝ። ልጁ ሙሄ ይባላል፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቀደደ ነው። የወደቀበትን የሚያውቅ ከተገኘ፣ አሁን በምኖርባት ጀውሃ ላይ ለሚያልፍ ሾፌር ንገርና ወሬው ይድረሰኝ። ሄጄ መቃብሩ ላይ ፋቲሃ ልቅራለት።»