መሬትን ይቅርታ የጠየቅኩበት ክረምት

መንገዱ ተዘግቶ እንግዳ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። እኔ የተራራ አስጎብኚ ነኝ። ደባርቅ በተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ተቀምጬ እውላለሁ። ወደ ጎንደር የሚሄድ አውቶቡስ የለም፤ ኔትወርክም የለም። ጠዋት ጠዋት እስከ መናኸሪያው ሄጄ የቆሙትን ባጃጆች አይቼ እመለሳለሁ።

ከዓመታት በፊት ስሜን ተራሮች ላይ አምባራስ አብሮኝ ያደረ አንድ ጃፓናዊ እንግዳ ዜን የሚሉትን አስተምሮኝ ነበር። እግርን አጣጥፎ፣ ጀርባን አቅንቶ፣ ዝም ብሎ ትንፋሽን መቁጠር ነው። ያኔ ከድንኳኑ ደጅ ገደሉን እያየሁ ስሞክረው ቀሎኝ ነበር። አሁን ግን ፊቴ ያለው የጭቃ ግድግዳ ነው። አራት ሳልደርስ ደረቴን ጭንቅ ይለኛል።

ከግድግዳው ወዲያ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ህንዳዊት መምህርት ይኖሩ ነበር። ሒሳብ ሊያስተምሩ መጥተው መንገዱ ሲዘጋ መውጫ አጥተዋል። አንድ ሰሞን በየጠዋቱ ከክፍላቸው የእግር ምትና የቃጭል ድምፅ ይመጣ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። በላብ ተጠምቀው ከፈቱልኝ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ትናንሽ ቃጭሎች አስረዋል።

«ይቅርታ፣ መምህርት፤ በጸጥታ ልቀመጥ እየሞከርኩ ነው» አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

«ቀን የምትውለው ምን እየሠራህ ነው?»

«ተቀምጬ።»

«እንግዲያው የቸገረህ የእኔ ድምፅ አይደለም። ግባ።»

ይህ በአገራቸው በቤተ መቅደስ፣ በአምላክ ፊት የሚጨፈር ጭፈራ እንደሆነ ነገሩኝ። እኛም ማሕሌት አለን አልኳቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው ወለሉን በጣታቸው ነኩና ዓይናቸውን ዳሰሱ።

«መሬትን ልረግጣት ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አሉ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስሜንን ስረግጥ ኖሬ ይህ ታስቦኝ አያውቅም። ጎንበስ ብዬ ነካሁ። ጉልበቴን አጥፌ፣ ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ እርሳቸው በእጃቸው እያጨበጨቡ መርገጥ ጀመርኩ። አከራያችን በበሩ ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ጤና የለህም እንዴ?» አሉኝ። ጭኔ እስኪንቀጠቀጥ ረገጥኩ።

«አሁን ተቀመጥ» አሉኝ መምህርት።

እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ውስጥ ደሜ ሲመታ ይሰማኛል። ትንፋሼን አስር ድረስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋኝ። ሳላስበው ፈገግ ብያለሁ። የሚያስደስት ነገር አልነበረም፤ መንገዱ እንደተዘጋ ነው፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ክረምቱን በሙሉ በየጠዋቱ እንዲሁ አደረግን። ደስታው የሚመጣበት ቀን ነበር፤ የማይመጣበትም። ባልመጣ ቀን ግቢው ውስጥ ከአጥር አጥር ስመላለስ እውል ነበር።

መስከረም ላይ መንገዱ ለጥቂት ቀናት ሲከፈት መምህርት ሄዱ። ሻንጣቸውን ተሸክሜ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋቸው። «ጉልበትህን ማጠፍ አትርሳ» አሉኝ። ክፍላቸውን አሁን አንድ የእህል ነጋዴ ተከራይቶ ጆንያ ደርድሮበታል። እኔ በራሴ ክፍል ብቻዬን እረግጣለሁ፣ ከዚያም እቀመጣለሁ።