የኋላው ወንበር

ካርቱም ውስጥ እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ዋናውን አምልኮ የምታደርገው ዓርብ ነበር። እኔ ከጦርነቱ በፊት የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ነበርኩ። አገሬን ጥዬ የተሰደድኩት ከሥልጣን አልወርድም ያለ ሰው ተቃውሜ ነው፤ እዚያ ግን ወጣቶቹ ምርጫ ይደረግ ባሉኝ ቁጥር «እንጸልይበት» እል ነበር። ለዓመታት ጸለይንበት።

በኃጢአት ጉዳይም ቀልድ አላውቅም። ከመዘምራኑ አንዷ፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ሳታገባ ወለደች። ያስረገዛት ሰው ሊቢያ ገብቷል። እሱን መቅጣት ስላልቻልን የሁለቱንም ቅጣት ለእሷ ሰጠናት። ከመዝሙር ታገደች፣ በደንባችን መሠረት የታገደ ሰው የሚቀመጥበት የኋላው ወንበር ተሰጣት፣ ልጇም መድረክ ላይ ወጥቶ እንዳይባረክ ተወሰነ። ወጣቶቹ «ዘመኑ ተለውጧል» ሲሉኝ «ኃጢአት ግን አልተለወጠም» አልኳቸው። መልሴ ራሴን በጣም አስደስቶኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰፈሬ ከጀብራ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ተበላሽቶ ግማሹን መንገድ በዚያ ፀሐይ በእግሬ ሄድኩ። ሰብሳቢ ነኝና ከረባቴን አላወለቅኩም። አዳራሹ ስደርስ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ከተበላሹት የተረፈው አንድ ሙከይፍ፣ ማቀዝቀዣው ማለት ነው፣ የሚነፍሰው ደግሞ የኋላው ወንበር ላይ ነው። ለኃጢአተኞቹ እንደዚያ ያሰበላቸው ማን እንደሆነ እንጃ። ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰዉ እየዞረ ያየኝ ጀመር። ሹክሹክታው ከወንበር ወንበር ተሻገረ፤ አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። ልጅቷ ሕፃኗን እንዳቀፈች ጠጋ አለችልኝ።

«ማዓሌሽ ጋሼ፣ አይክፋዎት። እርስዎንም አገዱዎት?»

«ኧረ ሞቆኝ ነው!»

«እኔም መጀመሪያ ላይ ለሰው እንደዚያ ነበር የምለው። አይዞዎት፣ ያልፋል።»

ያገዳት ማን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ቢያሻት ደስ ሊላት ይችል ነበር። እሷ ግን ከልቧ አዘነችልኝ፤ እኔም ከልቤ አፈርኩ። «ቀዝቃዛ ሞያ ላምጣልዎት፣ ፊትዎ ልክ አይደለም» ብላ ልጇን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና ውሃ ፍለጋ ወጣች። ልጁ ጊዜ ሳያጠፋ ከረባቴን ማኘክ ጀመረ።

ይኼኔ መጋቢው የሚባረኩ ሕፃናት ወደ መድረክ ይምጡ አለ። ወላጆች ተነሡ። ጭኔ ላይ ያለውን አየሁት፤ አንድም ጥፋት አላገኘሁበትም። እኔም ተነሣሁ። ከረባቴን ስላልለቀቀልኝ አንገቴን ደፍቼ ነው የሄድኩት፤ ምእመናኑ ንስሐ መስሏቸው እልል አሉ።

መጋቢው ሕፃኑንም እኔንም አይቶ ማይክሮፎኑን ከአፉ አራቀ።

«ጋሼ፣ አልጸለይንበትም እኮ» አለኝ በሹክሹክታ።

ዞር ስል ልጅቷ የውሃ ኩባያ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቆማለች።

«እኛ ከኋላው ወንበር ነን» አልኩት። «እናቱ እስክትደርስ ጠብቀን።»