ባብ ኤል መንደብን ከሀዋሳ ማስረዳት

ሀዋሳ ውስጥ የነጋዴ ዕቃ ከወደብ የሚያስወጣ ትራንዚተር ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ደሳለኝ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ወረቀት አስቀመጡ፤ የመርከብ ጭነት ሰነድ፣ ኢንቮይስና የዕቃ ዝርዝር። "ሦስቱ ካልተስማሙ ዕቃው ጅቡቲ ተገትሮ ይቀራል" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነጋዴ ዕቃው መቼ እንደሚደርስ ጠየቀኝ። አላውቅም ልል ስል አቶ ደሳለኝ ገላመጡኝና ራሳቸው "በሁለት ሳምንት" ብለው ሸኙት። "ደንበኛ ቀን ሳይዝ አይወጣም። አለዚያ ነገ ሌላ ቢሮ ነው የምታገኘው" አሉኝ።

እኔም ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ ቀን ስሰጥ ኖርኩ። መርከቡ ሲዘገይ ደንበኛው ይነጫነጫል፤ ዕቃውን ሲረከብ ይረሳዋል።

ቀይ ባሕር ላይ መርከብ መመታት ሲጀምር ግን ጉድ ፈላ። ባሕሩን የዘጋሁት እኔ መሰልኩ። ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ታቦር ሰፈር ቤቴ በር ላይ፣ ሁሉም "ዕቃዬስ?" ነው። ቢመረኝ ትልቅ ካርታ ገዝቼ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ።

አዲስ ከተማ በሚባለው የሀዋሳ ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት ሊከፍቱ ከጣሊያን ስምንት የስፌት መኪና ያዘዙት ወይዘሮ ማርታ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ ካርታው ፊት አቆምኳቸው።

"መኪናዎ በስዊዝ ቦይ ገብቶ ባብ ኤል መንደብ በምትባለው በዚህች ጠባብ በር ነው የሚወጣው። በሯን ያልተመኛት የለም። ቱርክ እዚህ አካባቢ ነበር። እንግሊዝ አደንን ያዘ፣ መሃሏ ያለችውን ደሴትም ጨመረ። ፈረንሳይ በእልህ ወዲህ ማዶ ጅቡቲ ተቀመጠ፤ ጣሊያን አሰብን ወሰደ። ዛሬም ጅቡቲ የኃያላኑ ጦር ሰፈር ጎን ለጎን ነው። ይህ ሁሉ ዘበኛ እያለ ከየመን በኩል ሮኬት ሲተኮስ መርከቡ ይፈራል።"

ወይዘሮ ማርታ ካርታውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። "ወንድሜ፣ እኔ የስፌት መኪና ነው ያዘዝኩት። እንግሊዝ ምን ቤት ነው? ስምንት ልጆች ፋብሪካ ለቀው ሊመጡልኝ ነው። መቼ ልቀቁ ልበላቸው?"

ደክሞኝ ነበር። "ከፋሲካ በፊት ይደርሳል" አልኳቸው።

"ጌታ ይባርክህ" ብለው ሄዱ።

በሳምንቱ መርከቡን ስልኬ ላይ ስከታተል ወደ ስዊዝ መታጠፉን ትቶ ወደ ምዕራብ ሲሄድ አየሁት። በጅብራልታር ወጥቶ አፍሪካን በሙሉ ሊዞር ነው፤ ከፋሲካ በፊት አይደርስም። መደወል ነበረብኝ። የሰጠሁትን ቀን ማፍረስ አሳፈረኝና ዛሬ ነገ እያልኩ አልደወልኩም። ከአራት ቀን በኋላ ልጆቹ መልቀቂያ አስገቡ።

ፋሲካ አለፈ። ልጆቹ ባዶ ቤት ውስጥ ጋዜጣ እየቆረጡ የልብስ ቅድ ሲለማመዱ ከረሙ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተበተኑ። ከከተማው ዳር፣ ከቱላ የምትመላለሰው ትዕግሥት የተባለችው ቢሮዬ ድረስ መጣች።

"ፋብሪካው ቦታዬን ለሌላ ሰጥቶታል። ቀኑን የሰጡት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ።"

"መርከቡ መንገድ መቀየሩን መቼ ነው ያወቁት?"

"ሳትለቁ በፊት" አልኳት።

ካርታውንም እኔንም አይታ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪኖቹ ደረሱ። አምስቱ እስካሁን የሚሰፋባቸው የለም። ወይዘሮ ማርታ ዛሬም ሰላም ይሉኛል፤ ዕቃ ግን በሌላ ሰው ያስወጣሉ።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሆናችሁ፦ መርከብ መንገድ ሲቀይር ካያችሁ በዚያው ሰዓት ለደንበኛው ደውሉ።