ሪዜን አስይዤ ወደ ሐረር

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

በዚህ አገር ከእኔ የበረታ የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሐረር እየሄድኩ ነው፤ ልሮጥ፣ ብስክሌት ልጋልብ፣ ልዋኝ። ሦስቱንም በአንድ ጠዋት። ትራያትሎን ይሉታል። ስሙን አስተካክሎ መጥራት ራሱ ግማሽ ልምምድ ነው።

ይህንኑ ለአውቶቡሱ ረዳት እያስረዳሁ ደረጃው ላይ ግራ እግሬ እምቢ አለኝ። ረዳቱና አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ግራና ቀኝ ደግፈው አወጡኝ።

"አባቴ፣ ከፊት ይቀመጡ። ለታመመ ሰው እንለቃለን" አለኝ ረዳቱ።

የታመመው ተረከዜ ነው። ከአምስት ወር በፊት በአንድ የአሥር ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ፣ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ቋ! አለ። ድምፁ አዳማ ድረስ ተሰምቷል። አምስት ወር ሙሉ ሲያሸኝ የከረመው ፊዚዮቴራፒስት ባለፈው ሳምንት "ቀስ ብለው መሮጥ ይችላሉ፤ ካመመዎት ግን ያቁሙ፤ ዳግመኛ ከተጎዳ ቀዶ ጥገና ነው" አለኝ። እኔ "መሮጥ ይችላሉ" የሚለውን ሰምቼ ወጣሁ።

ጥፋቱ የበድሪ ነው። ሐረር አብረን ስናስተምር እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ስፖርት ነበርን። ስለ ውድድሩ በስልክ አውርቶኝ ሲያበቃ "አንተ እንኳ ተወው፣ አርጅተሃል" አለኝ። ያን ጊዜ አፌ ከእግሬ ቀድሞ ሮጠ። እሁድ የዙህር፣ የቀትሩ አዛን ሳይሰማ ሦስቱንም ካልጨረስኩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያሳደግኩትን ሪዝ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ፣ ሰው እያየ፣ በድሪ ሊላጨኝ ተስማማሁ። ባለቤቴ ያለ ሪዝ አይታኝ አታውቅም። እኔም ከስሩ ምን ዓይነት ከንፈር እንዳለ ረስቼዋለሁ።

ዓርብ፣ ቀትር፣ ጭሮ

ዳገት፣ ጠመዝማዛ፣ በግራ ገደል፣ በቀኝ የጫት ማሳ። ሽሮ እየበላን ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ወደ ምድቡ የሚመለስ ወታደር ነው። ከአዋሽ ጀምሮ ስለ ዋና ሳወራለት ትዕግሥቱ አላለቀም፤ ወታደር ነውና ለምዷል።

"አራት ዓመት ሐረር ላይ ዋና አስተምሬያለሁ" አልኩት።

"ያኔ ሐረር ገንዳ ነበራት እንዴ?"

"ጠመኔ ነበራት።"

አልገባውም። አስረዳሁት። ሰሌዳው ላይ ዋናተኛ እስላለሁ። ከዚያ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ጠረጴዛ ላይ በሆዳቸው ተኝተው አየሩን ይቀዝፋሉ። ቀልድ አልነበረም፤ አሥራ አንድ ተማሪ ጥያለሁ።

ወታደሩ ጉርሻውን ዋጠ። "የሰጠመስ ነበር?" አለኝ።

ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሐረር

አወዳይን በጫት ነጋዴ ጩኸት መሀል አልፈን ገባን። ከመናኸሪያው የያዝኩት ባጃጅ ነጂ ማነከሴን አይቶ ሐኪም ቤት በር ላይ ሊያወርደኝ ቆመ።

"ለውድድር ነው የመጣሁት" አልኩት።

"የምን ውድድር? የክራንች?"

በድሪ በቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አቀፈኝ፤ ግን ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነው። "አቦ፣ ሪዙ ደህና ገባ?" አለና ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ አዲስ ምላጭ አወጣ። ከዚያ የተዋሰልኝን ብስክሌት አሳየኝ። የአጎቱ ልጅ ዳቦ የሚያዞርበት ነው። ከኋላው ሰማያዊ የዳቦ ሣጥን በብሎን ታስሯል፤ ብሎኑ ዝጎ አይፈታም። "አይዞህ፣ ሚዛን ይጠብቅልሃል" አለኝ።

እሁድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ፈረስ መጋላ

ሃያ አንድ ተወዳዳሪዎች ነን። የሃያዎቹ ዕድሜ ቢደመር የእኔን አያክልም። መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ በመጨረሻ ሩጫ ነበር። አስተናባሪው ድምፅ ማጉያውን አነሳ፦

"ወደ ሆቴሉ ገንዳ ውሃ የጫነው ቦቴ አልደረሰም። ስለዚህ ሩጫው ይቀድማል፣ ዋናው መጨረሻ ይሆናል።"

ሌላ አገር ቢሆን ጠብ ይነሳ ነበር። እዚህ ማንም አልገረመውም። ውሃ ሐረር የሚመጣው ሲመጣ ነው። እኔ ብቻ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ምን ዓይነት ሥራ ነው! እኔ የምሞቀው በዋና ነበር!" አልኩ። በልቤ ግን ለቦቴው ጎማ አንድ ሁለት ጠንካራ ሚስማር ተመኘሁ።

ሩጫው የጀጎልን ግንብ ዞሮ፣ በፈላና በር ገብቶ፣ ተመልሶ ፈረስ መጋላ ነው። ከግንቡ ስር ሌሎቹ እንደ ሰንጋ ፈረስ ሲፈተለኩ እኔ ተረከዜን እያባበልኩ፣ ሩጫ ይሁን እርምጃ ባልለየ አካሄድ ተከተልኩ። ጎመን የተጫነች አህያ አለፈችኝ። ዞር ብላም አየችኝ።

ፈላና በር ላይ ጅማቴ መንዘር ሲጀምር አንድ ድምፅ አስቆመኝ።

"አንተ! ሳትሰናበት ሄደህ፣ አሁን ደግሞ ሰላም ሳትል ትሮጣለህ?"

የድሮ አከራዬ ሐጂ ዩሱፍ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የሐረር ሽማግሌ ተቀምጦ አይታለፍም። ሄጄ እጃቸውን ሳምኩ።

"ማነው የሚያባርርህ?"

"ማንም ሐጂ፣ ውድድር ነው።"

"ሌሎቹ ታዲያ?"

"አልፈዋል።"

"ካለፉማ ምን ያስቸኩልሃል? ተቀመጥ።"

ተቀመጥኩ። ስለ እናቴ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቤቴ ጣሪያ ጠየቁኝ። ለእያንዳንዱ አልሐምዱሊላህ አሉ። እግሬን ዘርግቼ ሻሂ ጠጣሁ። ስነሳ ንዝረቱ ቆሟል። ፊዚዮቴራፒስቱ "ካመመዎት ያቁሙ" ያለኝን በግድ ያስፈጸሙልኝ ሐጂ ናቸው። "አላህ ያሽርህ" ብለው ለቀቁኝ።

ብስክሌቱ እስከ ሐማሬሳ ደርሶ መልስ ነው። ሰማያዊው ሣጥን በየመንደሩ ይታወቃል። "ባለ ዳቦ! አራት!" የሚል ከግራ፣ "ስድስት!" የሚል ከቀኝ። ዳገቱ ላይ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አደግድገው ሮጠው ደረሱብኝ። እደግመዋለሁ፤ በእግራቸው ደረሱብኝ።

"ሰው ሲጠራህ አትሰማም?"

"እማማ፣ ዳቦ የለኝም፤ ተወዳዳሪ ነኝ።"

ሣጥኑን ራሳቸው ከፍተው አዩ። ባዶ ነው። "ታዲያ ባዶ ሣጥን ይዘህ ማንን ልታሸንፍ ነው?" ብለው ተመለሱ።

እሁድ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ አዲሱ ከተማ፣ የሆቴሉ ገንዳ

ቦቴው ደርሷል። የቦቴ ሹፌር እንዲህ ታማኝ የሆነበትን ቀን አላውቅም። ሆኖም ውሃው ገንዳውን እስከ ደረት ብቻ ሞልቶታል፤ ነፍሴ መለስ አለች። ሌሎቹ ጨርሰው ፀጉራቸውን እያደረቁ ነው። በድሪ ወንበር አምጥቶ፣ ምላጩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል።

የዋናው ዳኛ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ናት።

"ቲቸር! ወላሂ እርስዎ ነዎት! ነጃት ነኝ፣ አሥረኛ ለ። በዋና የጣሉኝ!"

"ለምን ጣልኩሽ?"

"ስቀዝፍ እግሬ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለል ነካ። 'እግሩ ወለል የነካ ዋናተኛ ሰጥሟል' ብለው አራት ከአሥር ሰጡኝ። በእልህ ድሬዳዋ ሄጄ ተማርኩ።"

ደርሶ መልስ ነው። ገባሁ። እጆቼ ሰሌዳው ላይ እንደሳልኩት እየተፈራረቁ ውሃውን መቱ፤ ፊቴን ግራ ቀኝ አዞርኩ፤ ትንፋሼን ፉፉ አልኩ። ከላይ ላየኝ ዓሣ ነበርኩ። መሀል ስደርስ ፊሽካው ጮኸ።

"ቲቸር፣ እግርዎ ወለል ነክቷል።"

"ተረከዜን ላሳርፍ ብዬ ነው።"

"ሁለቱንም?"

በድሪ ወረቀቱን ከምላጩ ላይ ፈታ። ወደ መነሻው ተመለስኩ። አዛን ሊል ደቂቃዎች ቀርተዋል። የገንዳውን ጠርዝ ጨብጬ ነጃትን ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ገባት። ሄደች፤ ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ቢጫ ጄሪካን ይዛ መጣች።

"ይቅርታ ቲቸር" አለች በቀስታ፣ "ጠረጴዛ የለንም።"

ጄሪካኑን በሆዴ አቅፌ፣ እግሬን እያወራጨሁ ተነሳሁ።

"አቦ ይሄ ሕግ አይደለም!" ጮኸ በድሪ።

"ለጀማሪ ይፈቀዳል።"

"ጀማሪ? አንቺን ያስተማረሽ እሱ አይደል እንዴ!"

"አውቃለሁ" አለች ነጃት።

ሄድኩ። ዞርኩ። ግማሹን ገንዳ ጠጣሁት፤ ሐረር ለምን ውሃ እንደሚያጥራት የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቀኝ። እጄ ግድግዳውን ሲነካ፣ ትንፋሼ ሳይመለስ፣ ከጀጎል በኩል አዛኑ ተነሳ። በድሪ ምላጩን መልሶ ጠቀለለ፤ እየሳቀ ነበር መሰለኝ፣ ፊቱን አዞረብኝ።

ነጃት ወረቀቷ ላይ ጻፈች። "አራት ከአሥር" አለችኝ። "ግን እኔ አልጥልዎትም።"

ሰኞ፣ ጠዋት፣ አውቶቡስ ውስጥ

ደረጃውን ያለ ደጋፊ ወጣሁ። ተረከዜ ደህና ነው፤ ሪዜም በቦታው አለ፤ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ባለቤቴ ደውላ "ዋናውስ እንዴት ነበር?" ስትለኝ "እንደ ድሮው" አልኳት። አልዋሸሁም።

ዋና አልችልም። ያኔም አልችልም ነበር። ነጃትን የጣልኩ ጊዜ፣ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚበልጥ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር።