ሳልሞት የተጻፈልኝ ኑዛዜ

አንገቴ ላይ ያለውን እንቅርት አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ሕክምና ማስወጣት እንዳለብኝ ሐኪሙ ሲነግረኝ፣ ሚዛን ተፈሪ የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ባሌ ሞቶ አራት ዓመት ሆኖታል። ሁለት ሴት ልጆች፣ አማን ላይ አንድ ቤት፣ ቴፒ አጠገብ ደግሞ በእጁ የተከለውን የቡና ማሳ ትቶልኝ ነበር። "አንገት ላይ ስለሆነ ቀላል አይባልም" አለ ሐኪሙ። ቀላል ካልሆነማ ከመሄዴ በፊት ወረቀቴን ላስተካክል ብዬ አሰብኩ። ማሰቡ ባልከፋ፤ ጥፋቴ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ መናገሬ ነው።

"ኑዛዜ? ሟርተኛ ነሽ እንዴ?" አሉኝ ባልደረቦቼ። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ነው ብለው መከሩኝ። ከመካከላቸው ሁለቱ በአባታቸው ቤት ምክንያት ከወንድሞቻቸው ጋር ስንት ዘመን ሲካሰሱ የኖሩ ናቸው። የተከበረ ምክራቸውን ሰምቼ ዝም አልኩ። ወሬው ግን ዝም አላለም፤ በሦስተኛው ቀን ቴፒ ደርሶ የባሌን ታላቅ ወንድም ይዞብኝ መጣ።

ይህ ሰው ሱፍ ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ብዕር ሰክቶ የሚዞር ነው። በዚያ ብዕር ከፊርማ ሌላ ሲጽፍበት ያየ የለም። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር፤ እዚህ ግን ያን ክብር ልቀጥልለት አልችልም። ወንድሙ አልጋ ላይ በዋለባቸው ወራት አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ፣ ማሳው ሳይታረም መቅረቱን ተናግሮ ሄዷል። ከቀብሩ በኋላ ልጆቹ ምን በልተው እንደሚያድሩ አልጠየቀም። አሁን አራት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤቴ ገባ። ሽማግሌ ያልኳቸው እሱ እንደዚያ ስላላቸው ነው። ሦስቱን አላውቃቸውም፤ አንደኛው ከመቀመጡ በፊት ግድግዳዬን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ጥንካሬውን ሞከረ።

"ታመሻል፤ በዚህ ላይ እንዳትንከራተቺ ብዬ ኑዛዜውን አስጽፌ መጥቻለሁ" አለኝ። "ካንቺ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው።"

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ከፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ሥር ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ያዘጋጀው ነው። "ሟች በሕይወት ሳለች በሙሉ ፈቃዷ" ብሎ ይጀምራል። ሟቿ እኔ ነኝ። ወረድ ሲል ልጆቼን የሚያሳድገው እሱ፣ ቡናውን የሚያስለቅመው እሱ፣ ቤቱን የሚያከራየው እሱ ነው። ልጆቹ አድገው ምን እንደሚደርሳቸው የሚናገር አንድ ቃል የለበትም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንገቱን አስግጎ "ሟች የምትፈርመው የቱ ጋ ነው?" ሲል ጠየቀው። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። የሳቀም ያፈረም አልነበረም።

"አንብበውታል?" አልኩት የባሌን ወንድም።

"አንብቤዋለሁ። ግሩም አድርጎ ነው የጻፈው።"

"ትንሽ የሚታረም ነገር አለበት። እስከ ነገ ይቆይልኝ።"

እንደ ተማሪ ደብተር በቀይ ብዕር አረምኩት። "ሟች" የሚለውን በየቦታው ከበብኩ፣ የተገጣጠሙትን ቃላት ለያየሁ፣ ግርጌው ላይ "ተስተካክሎ በድጋሚ ይቅረብ" ብዬ ጻፍኩና በማግስቱ መለስኩለት። ረጅም ጊዜ አየው። "አንቺን ያጠፋሽ ትምህርት ነው" ብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አየሁ።

በዚያው ቀን ፍርድ ቤት ሄድኩ። በዚያ ሰሞን ካገኘኋቸው ሰዎች ቁም ነገር የነገረኝ ሬጅስትራሩ ብቻ ነው። "ማንንም አያስቸግሩ" አለኝ። "ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራስዎ እጅ ይጻፉት። ኑዛዜ መሆኑን ይግለጹ፣ በየገጹ ቀን ጽፈው ይፈርሙ፣ እዚህ ያስቀምጡት። ግን ኑዛዜ የሚሠራው ሲሞቱ ነው። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ቤቱንና ልጆቹን ማን ያያል? ለዚያ ውክልና ያስፈልግዎታል።"

ማንን እንደምወክል አልተቸገርኩም። የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ የቤንች ልጅ ናት፤ አጥር ለአጥር ነን። ቢሮዋ ገብቼ "ባልመለስ ልጆቼን ታሳድጊልኛለሽ?" አልኳት። የጀመረችውን መስመር ታይፕ አድርጋ ጨረሰች።

"አሁንስ የማን ቤት ነው የሚበሉት?" አለችኝ።

ኑዛዜዬ ውስጥ ሞግዚት አድርጌ ጻፍኳት፤ ዋናውን ፍርድ ቤት አስቀምጬ ቅጂውንና ውክልናውን ለእሷ ሰጠኋት። ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ጅማ አድሬ፣ አዲስ አበባ ገባሁ።

ተሳካልኝ። ከወር በላይ ቆይቼ ስመለስ ድምፄ ሻክሮ፣ አንገቴ በነጠላ ተሸፍኖ ነበር። እኔ በሌለሁበት የሆነውን የነገረችኝ ጸሐፊዋ ናት። በሁለተኛው ሳምንት የባሌ ወንድም መኪና ይዞ መጥቶ ልጆቹን "ለጊዜው" ቴፒ ልውሰዳቸው ብሏል። በሩ ላይ ቆማ ወረቀቶቹን አሳየችው።

"ሴትዮዋ እኮ አልሞተችም፤ ኑዛዜ አሁን አይሠራም" አላት። በዕድሜው አንድ ትክክለኛ ነገር ተናገረ።

"በሕይወት ካለች ልጆቿን ሊወስዱ ለምን መጡ?" አለችው። ውክልናውን ደግሞ እንዲያነብ ሰጠችው። መነጽር አልያዝኩም ብሎ ሄደ። ሄደ ያልኩት ከበሩ ነው። ከዚያ ቡናውን ሊያስለቅም ማሳው ድረስ ወርዶ፣ ጠባቂውን እኔ እንደማልተርፍ አርድቶት ነበር። ጠባቂው አልቅሶ ሲያበቃ ጸሐፊዋ ጋ መጥቶ እውነቱን ጠየቀ እንጂ ቡናውን አላስነካም።

በመጣሁ በሳምንቱ ያው ሰው ሊጠይቀኝ መጣ። ዶሮ ይዟል።

"እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ። ሌት ተቀን ስንጸልይልሽ ነበር" አለኝ።

"አሜን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት በዚያ በሻከረ ድምፅ። ወንበር ሰጠሁት፤ ምሳ አቀረብኩለት፤ ወጉ እንዳይቀር ብዬ አጎረስኩት። ከእሱ ይልቅ የናቅሁት ያን ጊዜ ራሴን ነው። ሞት ፊት ቆሜ የተመለስኩ ሴት ነኝ፣ ይሉኝታ ግን አልለቀቀኝም።

ልጆቼን አጎታቸውን ሳሙ ብዬ ጠራኋቸው። ትልቋ ከጓዳ "አንመጣም" አለች፤ ትንሿም እንደ እህቷ ደገመች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሥቼ እቆጣቸው ነበር። ያን ቀን ግን ከወንበሬ ሳልነሣ ወጥ ጨመርኩለት።